ልፋቱን ሳይሆን ችግሩን አሳዩን፦ ስለ ጥያቄ ሥርዓት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በኢንተርኔት ላይ ከማናውቃቸው ሰዎች እርዳታ ስንጠይቅ ልንከተለው ስለሚገባ ሥርዓት ነው። ጸሐፊው ለዓመታት የሰው ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ የመረራቸው ነገር እንዳለም እንዲሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂ ከመጠየቁ በፊት ይልፋ፣ መልፋቱንም ያሳይ፤ ሰላምታና ታሪክ ያስቀር፤ መላሽ በነጻ ነው የሚሠራውና ቢቆጣም ይቻል፤ መልስ ያጣ ጥያቄ መጥፎ ጥያቄ መሆኑን ይረዳ፤ ችግሩን በስክሪንሾት ያስደግፍ፤ ሲመለስለት ቦታውን በምስጋና አያጨናንቅ፤ ደግሞም ዛሬ ሰው ከማስቸገሩ በፊት ቻትጂፒቲን ይጠይቅ።

እኔም ጥያቄ የምመልስ ሰው ነኝ፤ በአብዛኛው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ። ምሬታቸው ይገባኛል። «ሰላም፣ ሰው አለ?» ብሎ ጽፎ አንድ ሰው «አለ» እስኪለው ድረስ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የእኔንም ትዕግሥት ይፈታተናል። የማልስማማው ጽሑፉ ከተነሣበት ሐሳብ ጋር ነው። ሥርዓቱ ሁሉ የተሠፈረው ጠያቂው እርዳታ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚል ሚዛን ነው። እኔ የምጠቀምበት ሚዛን ሌላ ነው፦ መላሹ ይህን ጥያቄ አንብቦ መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? ሁለቱ ሚዛኖች አንዳንዴ ይገጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥሙም።

በመልፋቱ ልጀምር። ጸሐፊው ጠያቂው ለቀናት እንዲፈልግ፣ ያነበባቸውን ገጾች እንዲዘረዝር ይመክራሉ። ለዚህም በኦክቶበር 1995 የወጣውን የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ፣ አርኤፍሲ 1855ን ይጠቅሳሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰነዱ በእርግጥም አንድ ሰው አዲስ የውይይት ቡድን ሲቀላቀል ምንም ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር እንዲያነብ ይመክራል። ያኔ ያው ሰዎች በየቀኑ እየተገናኙ ለሚጨዋወቱበት ቡድን ይህ ጥሩ ምክር ነበር። ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት አልነሣም ያለውን ሰው ግን ሁለት ወር ቁጭ ብለህ አንብብ ማለት ቀልድ ነው። ይኸው ሰነድ ጸሐፊው ያልጠቀሱት ሌላ ምክርም አለው፤ ወደ ታች አነሣዋለሁ።

እስቲ ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን እንያቸው። አንደኛው፦ «ላፕቶፔ ዋይፋይ እምቢ ብሎኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ነው የዋልኩት፤ ዩቲዩብ ላይ ያለውን ቪዲዮ ሁሉ አይቻለሁ፤ የተባለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። እባካችሁ እርዱኝ።» ሁለተኛው፦ «ትናንት ማታ ዊንዶውስ 11 አፕዴት ካደረገ ወዲህ ላፕቶፔ ዋይፋይ አይገባም። የራውተሬ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፤ ፓስወርዱን ሳስገባ ግን ከኔትወርኩ ጋር መገናኘት አልተቻለም ይላል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ፣ በዚያው ፓስወርድ ይሠራል።»

በጸሐፊው ሚዛን አንደኛው ጠያቂ ያልፋል፤ ለፍቷል፣ መልፋቱንም ተናግሯል። ሁለተኛው ስለ ልፋት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ምናልባትም ጥያቄውን የጻፈው ችግሩን ባየ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ነገር ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ሥራውን ግማሽ አድርሶልኛል። ስልኩ መሥራቱ ራውተሩንም ፓስወርዱንም ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣቸዋል። የራውተሩ ስም መታየቱ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ እንዳልሞተ ይናገራል። «አፕዴት ካደረገ ወዲህ» የሚለው ደግሞ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም ያስጠረጥራል። እኔ የሚቀረኝ ሁለት ነገር መጻፍ ብቻ ነው፦ ላፕቶፑ የያዘውን የድሮውን ኔትወርክ አጥፋውና እንደ አዲስ ግባ፤ እምቢ ካለ ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መልሰው። አንደኛውን ለመርዳት ግን መጀመሪያ ራሴ ጠያቂ መሆን አለብኝ። የትኛው ላፕቶፕ? መቼ ጀመረ? ሌላ መሣሪያ ይሠራል? ምን የሚል ጽሑፍ ይመጣል? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «የተባለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ» የሚለው ነው። ምን ተባለ? የቱን ሞከረ? ምን ሆነ?

የሞከሩትን መጻፍ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል፤ መላሹ ያንኑ መልሶ እንዳይናገር፣ ከሙከራው ውጤትም ፍንጭ እንዲያገኝ። «ድራይቨሩን መለስኩት፤ አንድ ቀን ሠራ፤ ዊንዶውስ እንደገና አፕዴት ሲያደርግ ተበላሸ» ማለት ወርቅ የሆነ መረጃ ነው። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ ማለት ያሳዝናል፤ ስለ ድራይቨሩ ግን ምንም አይነግረኝም።

ደግሞስ ስሙን የማያውቁትን ነገር እንዴት አድርገው ነው የሚፈልጉት? በስልኩ ያነሣው ፎቶ ስልኩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው፣ ድረ ገጹ ላይ ሲጭነው ግን በጎኑ የሚተኛበት ሰው አስቡ። ነገሩ ይህ ነው፦ ብዙ ስልኮች ፎቶውን አያዞሩትም፤ «ሲታይ እንዲህ አዙሩት» የሚል ምልክት ኤግዚፍ በሚባለው የፋይሉ የመረጃ ክፍል ውስጥ ይጽፋሉ። ምልክቱን የሚያነብ ፕሮግራም ቀጥ አድርጎ ያሳየዋል፤ የማያነብ ወይም ምልክቱን ቆርጦ የሚጥል በጎኑ ያስተኛዋል። «ኤግዚፍ» የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው መልሱ ከደቂቃ በታች ይገኛል። የማያውቀው ግን «ፎቶዬ ተጋደመ» ብሎ ሦስት ቀን ቢፈልግ ስለ ፎቶ ማስተካከያ አፕ ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ቃሏን እንዲያቀብለው ነው። ይህን ለማድረግ መላሹ የሚያጠፋው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ጸሐፊው ግን ያችን ግማሽ ደቂቃ ለማዳን ሲሉ የሰውየውን ሦስት ቀን ያስከፍሉታል።

ሰላምታና ታሪክ ይቅር ወደሚለው ልለፍ። ሰላምታው ላይ ብዙ አልከራከርም። ጥያቄው እዚያው መልእክት ውስጥ እስካለ ድረስ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ማንንም አልጎዳም። ታሪኩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ለምን እንደፈለግኸው ማንም አልጠየቀህም፣ ጥያቄህን ብቻ ጠይቅ ይላሉ። እኔ ከዚህ የባሰ ምክር አላየሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

አንድ ሰው «በኤክሴል ከቁጥሮች ሁሉ ፊት 0 የሚጨምር ፎርሙላ ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ አንዲት ቃል የለም፤ በጸሐፊው መለኪያ ንጹሕ ጥያቄ። ፎርሙላው ወዲያው ይሰጠዋል፤ ቀላል ነው። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፦ አንዳንዶቹ ቁጥሮች ተበላሹ። ሲጠየቅ ቁጥሮቹ የደንበኞች ስልክ ናቸው፤ ከሌላ ሲስተም በሲኤስቪ ፋይል (በኮማ በተለያየ ተራ ጽሑፍ) ወጥተው ኤክሴል ላይ በድርብ ጠቅታ የተከፈቱ። ኤክሴል እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፍት፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል፤ ከፊት ያለውን 0 ይጥለዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ በአገር ኮድ የተጻፉም ስለነበሩ ፎርሙላው እነሱ ላይም 0 ለጠፈባቸው። ትክክለኛው መንገድ ፎርሙላ ሳያስፈልግ ፋይሉን ከዳታ ምናሌው ማስገባትና ዓምዱን «ቴክስት» ማለት ነበር። «የስልክ ዝርዝር ከፍቼ 0ዎቹ ጠፉብኝ» ቢል ኖሮ የመጀመሪያው መላሽ ይህን ይነግረው ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

ምክንያት መናገር መላሹን የሚያነሣሣበት መንገድም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ በ1978 ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ፦ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋ ተራ ይዞ የቆመን ሰው ቀድሞ ለመግባት መጠየቅ። ለአምስት ገጽ ያለ ምክንያት ሲጠየቁ 60 በመቶው ፈቀዱ፤ «ስለቸኮልኩ» ሲባሉ 94 በመቶው። አስቂኙ ክፍል «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ባዶ ምክንያት ሲሰጣቸውም 93 በመቶው መፍቀዳቸው ነው። ብዙ ሰው ይህንን ብቻ ይዞ «ስለ» ማለት ይበቃል እያለ ያወራል። ጥያቄው ወደ 20 ገጽ ከፍ ሲል ግን ባዶው ምክንያት ምንም አልፈየደም፤ ያለ ምክንያትም በባዶ ምክንያትም 24 በመቶ፣ በእውነተኛው ምክንያት 42 በመቶ። ከማያውቁት ሰው የግማሽ ሰዓት ሐሳብ መጠየቅ ከአምስቱ ገጽ ይልቅ ሃያውን ይመስላል።

የታወቁ ሰዎችም የጠየቁት እንዲሁ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዓለም ከማሳወቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 3 ቀን 1991፣ ሚኒክስ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ አጭር ጥያቄ ጽፎ ነበር። እየሠራሁት ላለሁት ፕሮጀክት የፖዚክስን ደንብ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የሚስማሙበትን መስፈርት) እፈልጋለሁ፤ የቅርቡን፣ ቢቻል በኮምፒውተር የሚነበበውን፣ ከየት እንደማገኝ የሚጠቁመኝ አለ? ምክንያቱ፣ የሚፈልገው ነገር፣ የሚፈልግበት መልክ፤ አለቀ። ስንት ቀን ፈልጎ እንዳጣ አላወራም። ጸሐፊው መልሱለት ቢባሉ «መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ሂድ» ይሉት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን በጣም ወደማልስማማበት። መላሽ በነጻ ስለሚሠራ ቁጣው የዋጋው አካል ነው ይላሉ፤ ቁጣው ደግሞ ሰነፉን ያጣራል። መላሽ የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት እስማማለሁ። ማንም ሰው ስሙ እየተጠራ፣ በግል መልእክት እየተነዘነዘ «አስቸኳይ ነው» ሊባል አይገባም፤ የእኔ ችኮላ የሌላ ሰው ሥራ አይደለም። ነገር ግን ግዴታ የሌለበት ሰው ሁልጊዜ አንድ ነጻ አማራጭ አለው፦ ማለፍ። ጥያቄው ያናደደው ሰው ዝም ብሎ ቢያልፍ ምንም አያጣም። ቆሞ ስድብ ለመጻፍ ያጠፋት ጊዜ «የትኛው ቨርዥን ነው?» ለማለት ትበቃ ነበር።

ያጣራል ስለሚባለውም፣ የሚያጣራው ማንን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ምንም የማይገደው ሰው ቢሰደብ ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ ጥያቄ ይለጥፋል። ሳይጠይቅ የሚቀረው ዓይን አፋሩ ነው፤ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ያጠፋው፣ የሌሎችን መልስ እያነበበ ለመጠየቅ ድፍረት የሚያሰባስበው። እሱ የሌላ ሰው መሰደብ ካየ ከእንግዲህ አይጠይቅም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2008 የተመሠረተው ስታክ ኦቨርፍሎው የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ዋና ሰፈር ሆኖ ለአሥር ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በኤፕሪል 2018 ድርጅቱ ራሱ ቤታችን እንግዳ አይቀበልም ብሎ በይፋ ጻፈ፤ ጀማሪዎች፣ ሴቶች፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎችና ሌሎችም እንደ ባዕድ እንደሚሰማቸው አምኖ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሥነ ምግባር ደንቡን ለወጠ። ጥብቅነትን እንደ ሙያ የያዘ ቤት ይህን ካመነ፣ ሌላው ሰው ቁጣን እንደ ወንፊት የሚያሞግስበት ምክንያት አይታየኝም። ያ ጸሐፊው የጠቀሱት የ1995 ሰነድም፣ ያልጠቀሱት ምክሩ ይኸው ነው፦ በምትልከው ቁጥብ ሁን፣ በምትቀበለው ቸር ሁን፤ ቢቆሰቁሱህ እንኳ የንዴት መልእክት አትላክ።

ከቁጣዎቹ ሁሉ «ጎግል አድርግ» የምትለዋ ለብቻዋ ታስቀኛለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ችግር የገጠመው ሌላ ሰው እንደተባለው ጎግል ያደርጋል፤ ከላይ የሚመጣለት ገጽ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብቸኛ መልስ «ጎግል አድርግ»።

መልስ ያጣ ጥያቄ ሁሉ መጥፎ ጥያቄ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊና ላታኔ በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ በድምፅ መገናኛ ብቻ የሚያወራው ሰው ድንገት ሕመም ሲነሣበት የሰሙ ተሳታፊዎች፣ ብቻቸውን እንደሰሙ ካሰቡት መካከል 85 በመቶው እርዳታ ሊጠሩለት ተነሡ። ሌላ አንድ ሰው እንደሚሰማ ሲያስቡ 62 በመቶ፤ ሌሎች አራት ሰዎች እንደሚሰሙ ሲያስቡ 31 በመቶ ብቻ። ሞት ሊከተል በሚችልበት ነገር «ሌላው ይድረስለት» ካለ ሰው፣ አሥር ሺህ አባላት ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ ማተሚያ የተጠየቀ ጥያቄ ቢያልፍ ምን ይገርማል? መፍትሔው ግን በስም መጥራትም፣ በየግሩፑ መበተንም አይደለም። የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ራሱ ሰውን ይጥራ። «እርዱኝ» የሚል ርዕስ ማንንም አይጠራም። «ኡቡንቱ ላይ የካኖን ማተሚያ ይገኛል፣ ግን ባዶ ወረቀት ያወጣል» የሚል ግን ያንን የገጠመውን ሰው በስሙ እንደጠራው ነው። ዝምታ ቢሆንስ? ከአንድ ቀን በኋላ አዲስ መረጃ ጨምሮ እዚያው ማንሣት ነውር አይደለም። ሌላ ቦታም ከጠየቁ፣ መጠየቃቸውን እዚህ ይናገሩ፤ የተመለሰ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰው በከንቱ እንዳይደክም።

ስለ ስክሪንሾት ብዙ አልልም። የሚታይ ችግር ከሆነ፣ ማለትም ቀለሙ ከተበላሸ፣ የሚጫነው ቁልፍ ከጠፋ፣ ጽሑፉ ከተደራረበ፣ ምስል ይላክ። የስህተት መልእክትና ኮድ ግን በጽሑፍ ይለጠፍ። ከምስል ላይ ኮፒ አድርጎ መፈለግ ያስቸግራል፤ ነገ ያው ስህተት የሚገጥመው ሰው ሲፈልግ አያገኘውም፤ ዓይነ ስውር መላሾች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም ምስሉ ውስጥ ያለውን ኮድ እንደ ጽሑፍ አያነብላቸውም። በሁለቱም ቢሆን ፓስወርድና የኤፒአይ ቁልፍ (አንድ ፕሮግራም ሌላ አገልግሎት ውስጥ የሚገባበት ምስጢራዊ ኮድ) ከመለጠፉ በፊት ይውጣ። ስልክ ላይ ባለው ማድመቂያ ብዕር ደጋግሞ መሸፈን አያስተማምንም፤ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ሊነበብ ይችላል። ቁልፉ አንዴ ከወጣ ደግሞ ፖስቱን ማጥፋት አይበቃም፤ ቁልፉ ራሱ ይቀየር።

ምስጋና ጩኸት ነው የሚለው ደንብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አስተያየት መስጫውን ለምስጋና አትጠቀሙ ይባላል፤ ምክንያቱም እዚያ ጠያቂው የጠቀመውን መልስ ምልክት ያደርግበታል፣ ሌላውም ድምፅ ይሰጠዋል። ምስጋናው የራሱ የሚጫን ቁልፍ አለው። ጸሐፊው ቁልፉን ትተው ክልከላውን ብቻ ወደ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ግሩፕ ይዘውት መጡ። እዚያ ጠያቂው ዝም ካለ መላሹ መልሱ ይሥራ አይሥራ አያውቅም፤ በኋላ የሚያነብም አያውቅም። አምስት ሰዎች አምስት ነገር ካሉ የትኛው ነው የፈታው? ስለዚህ ይመስገን፣ ግን ከነፍሬ ነገሩ፦ «ድራይቨሩን ስመልሰው ሠራ፤ ኔትወርኩን አጥፍቶ መግባት ብቻውን አልበቃም ነበር፤ አመሰግናለሁ»። ብቻውን «ተስተካከለ» ብሎ የሚጠፋው ሰው ግን እውነት ለመናገር እኔንም ያናድደኛል። እንዴት ተስተካከለ? ራሱ ደርሶበት ከሆነ እንኳ ያገኘውን ይጻፍ፤ በዚያች ሰዓት ችግሩን ከመላሾቹ ሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ሰው ከማስቸገር ቻትጂፒቲን ጠይቅ የሚለው ነው። ጥያቄን ለማጥራት እንደሚረዳ አልክድም፤ ለፎቶው ባለቤት «ኤግዚፍ» የምትለዋን ቃል ሊያቀብለው ይችላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው በኖቬምበር 30 ቀን 2022 ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ስታክ ኦቨርፍሎው በእሱ የተጻፉ መልሶችን ያገደው፣ መልሶቹ ትክክል መስለው ስህተት የሚበዛባቸው፣ ለመጻፍም እጅግ ቀላል ስለነበሩ ነው። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ በግል የተደረገ ንግግር ለቀጣዩ ሰው አይተርፍም። እዚህ ጋ ጸሐፊው የዘነጉት አዲስ ግዴታም አለ። ማሽኑ የሰጠውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚቀበለው መስኮት) ላይ ሲለጥፍ አምሽቶ ጠዋት ወደ እኛ የሚመጣ ሰው እየበዛ ነው፤ የሚጠይቀው ደግሞ ስለ መጀመሪያው ችግር ብቻ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ትናንት የነበረው አይደለም። ፋይሎች ተቀይረዋል፣ ፈቃዶች ተከፍተዋል፣ አንዳንዴ የማያስፈልግ ፕሮግራም ተጭኗል። ማሽኑን መጠየቁ ነውር የለውም፤ ያስገባቸውን ትእዛዞች ግን በቅደም ተከተላቸው፣ ከሰጡት ውጤት ጋር ይለጥፍልን። ካልሆነ ግን የምንመልሰው ከእንግዲህ ለሌለ ኮምፒውተር ነው።